በሌላው የጸሎት ቤት ደጃፍ፦ የሐረርን መስጊዶች ለሚጎበኝ ክርስቲያን የሚሆን ትምህርት

መግቢያ



ወለንጪቲ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውራ ጎዳና ሰንጥቋት ያልፋል፤ የድሮው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡርም በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ከመሀል አገር የሚጓዘው ሕዝብ ተሽከርካሪው ተሽከርካሪውን እየተከተለ በደጃችን ሲያልፍ እያየን አድገናል። ከቁልቢ ጥቂት አልፎ ለሚጓዝ ሰው ያው መንገድ ከጥንታዊቷ የሐረር ከተማ ያደርሰዋል። ስለዚህ የቁምስና ወጣቶች ወይም መዘምራን ወደ ምሥራቅ ለመጓዝ ሲያስቡ፥ ሐረርን ሳያዩ መመለስን የሚወድ አይገኝም።

ጉዞው ሲታሰብ ግን አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሐረር የመስጊዶች ከተማ ናት። «እኛ ክርስቲያኖች መስጊድ ደጃፍ መቆም፥ ቢፈቀድልንም ወደ ውስጥ መግባት ይገባናልን? እምነታችንን መካድ አይሆንብንምን?» የሚሉ አሉ። በሌላ ወገን ደግሞ ጥያቄው ከቶ የማይታያቸው፥ ካሜራቸውን አንጠልጥለው ወደ ማንኛውም ደጅ ሰተት ብለው ለመግባት የሚቸኩሉ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ከፍርሃት የተነሣ፥ ሁለተኞቹ ደግሞ ካለማስተዋል የተነሣ አንድ መልካም ነገር ያመልጣቸዋል። ይህ ትምህርት ለሁለቱም የተዘጋጀ ነው። በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

1. ስለ ሐረር ከተማ ጥቂት

ወደ ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ የባለቤቱን ስምና ወገን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው። ጀጎል በሚባለው ግንብ የተከበበችው የሐረር አሮጌ ከተማ በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብታለች። በመዝገቡ እንደ ተገለጸው በውስጧ 82 መስጊዶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ሦስቱ የ10ኛው መቶ ዓመት ናቸው። ከእነዚህ ሌላ 102 የወልዮች መካነ መቃብርና መታሰቢያ ስፍራዎች አሉ። ግንቡ ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተሠራ ይነገራል፤ የሕዝቡ ትውፊት በተለይ ከአሚር ኑር ስም ጋር ያያይዘዋል። አምስቱ ጥንታውያን በሮች በአማርኛ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። አንደኛው በር በሸዋ ስም መጠራቱ፥ በከተማይቱና በእኛ አገር መካከል ያለው መንገድ የቆየ መሆኑን ያስታውሰናል። ብዙ ሙስሊሞች ሐረርን ከመካ፥ ከመዲናና ከኢየሩሳሌም ቀጥላ አራተኛዋ ቅድስት ከተማ አድርገው ይመለከቷታል።

ይህች ከተማ ለረጅም ዘመን ሙስሊም ላልሆነ ሰው ዝግ ነበረች። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 በገባ ጊዜ ነገሩ እንደ ትልቅ ድፍረት የተቆጠረው ስለዚህ ነው። በኋላ ግብፃውያን ከ1875 እስከ 1885 ያዟት፤ በ1887 ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ወደ ግዛታቸው አስገቧት። በከተማይቱ መካከል በፈረስ መጋላ የሚታየው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የታነፀው ከዚያ በኋላ፥ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ስፍራ ላይ ነው። ይህን መናገር ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ በፊት በ16ኛው መቶ ዓመት ኢማም አሕመድ ከዚህችው ከተማ ተነሥተው ባደረጉት ዘመቻ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተቃጥለዋል። ያ ጦርነት የተጋጋለበት የ1529ኙ የሽምብራ ኩሬ ውጊያም የተካሄደው ከሞጆ አካባቢ፥ በዚሁ በምሥራቅ ሸዋ ምድር እንደ ነበረ ይነገራል። እንግዲህ በሁለቱም ወገን የሚታወስ ቁስል አለ። ጎብኚው የሚረግጠው ድንጋይ ሁሉ ታሪክ ያለው መሆኑን አውቆ ይራመድ።

ለእኛ ለካቶሊካውያን ግን ሐረር ባዕድ ከተማ አይደለችም። በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ የተቋቋመውና በመጀመሪያ አቡነ ማሳያ የመሩት ሐዋርያዊ ቪካርያት፥ በግብፃውያን ዘመን ማዕከሉን በሐረር አደረገ። ካፑቺናውያን አባቶች በዚያች የሙስሊሞች ከተማ እንግዶች ሆነው ተቀመጡ፤ ቋንቋ ተማሩ፥ ሕፃናትን አስተማሩ፥ ድውያንን አስታመሙ። ከእነርሱ መካከል በሕዝቡ ዘንድ አባ እንድርያስ የሚባሉት አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ፥ ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑትን ልጅ ተፈሪ መኰንንን በልጅነታቸው አስተምረዋል። እነዚህ አባቶች በጎረቤቶቻቸው ዘንድ የተከበሩት እምነታቸውን ስለ ደበቁ አይደለም፤ የጎረቤቶቻቸውን ክብር ስለ ጠበቁ ነው።

2. ቤተ ክርስቲያን ምን ታስተምረናለች?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ «ኖስትራ ኤታቴ» በሚባለውና ጥቅምት 28 ቀን 1965 በወጣው መግለጫው፥ ቤተ ክርስቲያን ሙስሊሞችን በአክብሮት እንደምትመለከት ያስተምራል። ምክንያቱንም ይዘረዝራል፦ ሕያውና መሐሪ የሆነውን፥ ሁሉን የፈጠረውን አንዱን አምላክ ያመልካሉ፤ አብርሃም ለእግዚአብሔር እንደ ተገዛ እነርሱም ለመገዛት ይጥራሉ፤ እመቤታችን ድንግል ማርያምን ያከብራሉ፤ የፍርድን ቀን ይጠባበቃሉ፤ ለጸሎት፥ ለምጽዋትና ለጾም ትልቅ ስፍራ ይሰጣሉ። ጉባኤው ልዩነቱንም አይሸፍንም፤ ኢየሱስን እንደ ነቢይ ቢያከብሩትም አምላክነቱን እንደማይቀበሉ በግልጽ ይናገራል። በመጨረሻም ያለፈው ጠብና ጥላቻ እንዲተውና ሁለቱም ወገኖች ለፍትሕ፥ ለሰላምና ለነጻነት አብረው እንዲሠሩ ይመክራል።

ይህ ቃል በወረቀት ብቻ አልቀረም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ግንቦት 6 ቀን 2001 በደማስቆ ወደሚገኘው ታላቁ የኡመያድ መስጊድ ገብተዋል። ከሊቃነ ጳጳሳት መካከል መስጊድ ሲገቡ እርሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። በዚያ መስጊድ ውስጥ የመጥምቁ ዮሐንስ መታሰቢያ ይገኛል። ቤነዲክቶስ 16ኛ በኅዳር 2006 በኢስታንቡል ሰማያዊው መስጊድ ጫማቸውን አውልቀው በጸጥታ ቆመዋል። ፍራንቸስኮስም በ2014 ይህንኑ መስጊድ፥ በ2015 በማዕከላዊ አፍሪካ ዋና ከተማ በባንጊ በጦርነት መካከል የነበረን መስጊድ፥ በ2024 ደግሞ በጃካርታ የሚገኘውን የኢስቲቅላል መስጊድ ጎብኝተዋል። የካቲት 4 ቀን 2019 በአቡ ዳቢ ከአል-አዝሀሩ ታላቅ ኢማም ከአሕመድ አል-ጠይብ ጋር ስለ ሰብአዊ ወንድማማችነት የሚናገረውን ሰነድ ፈርመዋል።

ከእነርሱ እጅግ ቀድሞ፥ በ1219 የመስቀል ጦርነት በሚካሄድበት ወቅት፥ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በግብፅ ዳሚየታ አጠገብ ወደ ሱልጣን አል-ካሚል ዘንድ ያለ መሣሪያ ሄዶ በሰላም ተመልሷል። ከዚያ በኋላ በሙስሊሞች መካከል ለሚኖሩ ወንድሞቹ በሰጠው ደንብ አንዱ መንገድ ይህ ነበር፦ ክርክርና ጠብ አያንሡ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለው ለሰው ሁሉ ዝቅ ይበሉ፤ ክርስቲያን መሆናቸውንም ይመስክሩ። በዚህ ምክር ውስጥ ትሕትናና ምስክርነት አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።

እንግዲህ ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። መስጊድን በአክብሮት መጎብኘት ኃጢአት አይደለም፤ እምነትን መካድም አይደለም። ነገር ግን መጎብኘትና በአምልኮ መካፈል የተለያዩ ናቸው። ክርስቲያን በመስጊድ ውስጥ ውዱእ አያደርግም፤ ከሰጋጆች ጋር ተሰልፎ አይሰግድም፤ ይህን ቢያደርግ የራሱንም የእነርሱንም ጸሎት እንደ ጨዋታ ይቆጥራል። በልቡ በጸጥታ እግዚአብሔርን ቢያስብ ግን የሚከለክለው የለም።

3. መስጊድ ምን ነገር አለው?

«መስጊድ» ማለት የመስገጃ ስፍራ ማለት ነው። ቃሉ ከእኛው «ሰገደ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ ስሙ ራሱ ትርጉሙን ይነግረዋል።

ሰጋጆች ፊታቸውን ወደ መካ ያዞራሉ፤ ይህም አቅጣጫ ቂብላ ይባላል። ከኢትዮጵያ ስንመለከት መካ በስተ ሰሜን ናት። እኛ በጥንቱ ሥርዓታችን ወደ ምሥራቅ ዞረን እንደምንጸልይ እነርሱ ወደ መካ ይዞራሉ። አቅጣጫውን በግድግዳው ላይ የሚያመለክተው ጎድጓዳ ስፍራ ሚሕራብ፥ ኢማሙ በጁምዓ ዕለት ቆሞ የሚያስተምርበት ከፍ ያለ ስፍራ ሚንበር፥ የጸሎት ጥሪ የሚሰማበት ማማ ሚናራ ይባላል። ጥሪው አዛን ነው። በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው አዛን አድራጊ ቢላል የሐበሻ ተወላጅ እንደ ነበረ ይታወቃል። በመስጊድ ውስጥ ሥዕልና ሐውልት የለም፤ ቢኖር የጽሕፈት ጌጥ ነው። ይህም ለአምላክ ምስል አይሠራለትም ከሚለው እምነታቸው የመጣ ነው። እኛ ሥዕለ ቅዱሳንን የምናከብረው ቃል ሥጋ ስለ ሆነ ነው። ልዩነቱን ማስተዋል ራሳችንን ይበልጥ እንድናውቅ ይረዳናል እንጂ የሚያስቆጣ ነገር የለውም።

የዕለቱ ጸሎት አምስት ነው፦ ሱብሒ፥ ዙህር፥ ዐስር፥ መግሪብና ኢሻ። ከእነዚህ በላይ የዓርብ ቀትር የጁምዓ ጸሎት ሕዝቡ ሁሉ የሚሰበሰብበት ነው።

በሐረር አብዛኞቹ መስጊዶች ትናንሽና በኖራ የተቀቡ ናቸው። በቤቶች መካከል፥ በጠባብ መተላለፊያ ዳር ስለሚገኙ ያላስተዋለ ሰው የመኖሪያ ቤት መስለውት ያልፋቸዋል። ከሁሉ የሚታወቀው ጀሚዕ መስጊድ ሲሆን፥ ነጫጭ መንትያ ሚናራዎቹ ከሩቅ ይታያሉ። እነዚህ መስጊዶች ሙዚየም አይደሉም። ዛሬም በየዕለቱ ሰዎች ልባቸውን ለፈጣሪ የሚያፈስሱባቸው፥ ሙታናቸውን የሚሸኙባቸው፥ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩባቸው ቤቶች ናቸው። ጎብኚ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ ይህን ሲረሳ ነው።

4. የጎብኚው ሥርዓት

ሀ. ከጉዞው በፊት። የቡድኑ መሪ አስቀድሞ ከቆሞሱ ጋር ይመካከር፤ የመንገዱንም የሰላም ሁኔታ ያጣራ። ጉዞው በረመዳን ወር የሚውል መሆን አለመሆኑን ይመልከት፤ የእስልምና ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል፤ ስለዚህ ረመዳን በየዓመቱ ቀኑን ይለውጣል። በጾም ወራት ብንሄድ በአደባባይ መብላትና መጠጣት አይገባም፤ እኛም በዐቢይ ጾም ሌላው እንዲህ ቢያስብልን ደስ ይለናል። ከሐረር በሚገኙት ሕጋውያን አስጎብኚዎች መመራት ይመረጣል፤ ከማን ፈቃድ እንደሚጠየቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ለ. ስለ ሰዓት። የዓርብ ቀትርና የጸሎት ሰዓቶች የጉብኝት ጊዜ አይደሉም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ጉብኝት ላይ ሳለን አዛን ቢሰማ ንግግራችንን አቋርጠን በጸጥታ ወደ ውጭ እንውጣ።

ሐ. ስለ ልብስ። ወንዶች ረጅም ሱሪ፥ ሴቶች ክንድንና እግርን የሚሸፍን ሰፊ ልብስ ይልበሱ። እኅቶቻችን ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ የሚከናነቡት ነጠላ ለዚህም ይበቃል፤ ሌላ ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልግም። በአንገት ያለ መስቀል የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ለማሳየት ብሎ ማውጣትም፥ ፈርቶ መጣልም አይገባም፤ እንደ ዘወትሩ በልብስ ሥር ይሁን።

መ. በደጃፍ። ሽማግሌዎችን ቀድሞ ሰላም ማለት የእንግዳ ወግ ነው። እርጅናንና ዕውቀትን ለማክበር «ሼኽ» ይባላል፤ መካ ደርሶ የተመለሰ ሰው «ሐጂ» ተብሎ ይጠራል። ከተቃራኒ ጾታ ጋር የማይጨባበጡ ስለሚኖሩ፥ እጃቸውን ሳይዘረጉ እጅ አለመዘርጋት፥ ቀኝ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል። ከዚያ ማን መሆናችንን ሳንደብቅ እንናገር፦ «ከወለንጪቲ የመጣን ክርስቲያኖች ነን፤ ቢፈቀድልን መስጊዱን ለማየት እንሻለን።» ከተፈቀደ ጫማ ይወልቃል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሙሴ በቍጥቋጦው አጠገብ እንዲያወልቅ ታዝዟል፤ በግእዝ ሥርዓት በምንቀድስባቸው አብያተ ክርስቲያናትም ጫማችንን አውልቀን እንገባለን።

ሠ. በውስጥ። ዝግ ባለ ድምፅ መናገር፥ በሚጸልይ ሰው ፊት አለማለፍ፥ ቅዱስ መጽሐፋቸውን ያለ ፈቃድ አለመንካት፥ ወንዶችና ሴቶች ወደ ተመደበላቸው ስፍራ ብቻ መሄድ ይገባል። ፎቶግራፍ ከመነሣት በፊት ይጠየቅ፤ የሚሰግድ ወይም ውዱእ የሚያደርግ ሰው ግን በፍጹም አይነሣ። በቅዳሴ ላይ ቅዱስ ቍርባን ስንቀበል እንግዳ ሰው ፊታችን ቆሞ ፎቶ ቢያነሣን ምን እንደሚሰማን እናስብ።

ረ. ስለ ንግግር። ለመማር መጠየቅ መልካም ነው፤ ለመርታት መጠየቅ ግን ጉብኝትን ወደ ክርክር ይለውጣል። ስለ እምነታችን ከተጠየቅን፥ ሐዋርያው ጴጥሮስ እንደሚያስተምረው፥ ስለ ተስፋችን በየዋህነትና በአክብሮት እንመልስ። ወረቀት ማደል፥ ከመጣንበት ስፍራ ጋር እያወዳደሩ መሳለቅ፥ በመካከላችን በሌላ ቋንቋ እየተንሾካሾኩ መሳቅ ነውር ነው።

ሰ. ስለ ምግብ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየወገኑ እጅ የታረደውን ይበላል። ይህ ልማድ በብዙ ምእመናን ዘንድ ብርቱ የኅሊና ጉዳይ ነው፤ በሙስሊሞችም ዘንድ እንዲሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ምግብ ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርበን ቢናገርም፥ የወንድማችንን ኅሊና እንዳንጎዳ ያስጠነቅቀናል። ስለዚህ የቡድኑ መሪ ነገሩን አስቀድሞ ለጋባዡ በግልጽ ይንገር። ቡና፥ ፍራፍሬና እንጀራ በሽሮ ማንንም አያጣሉም። በግንቡ ውስጥ የአልኮል መጠጥ ይዞ መዞር ግን አይገባም።

5. በሩ ቢዘጋብንስ?

የዚህ ትምህርት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በሐረር ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማይገባባቸው መስጊዶችና የወልዮች መቃብሮች አሉ። ረጅም መንገድ ተጉዘን፥ ጫማችንን ለማውለቅ ተዘጋጅተን ቆመን ሳለ፥ ሽማግሌው በጨዋነት «ይቅርታ፥ ከዚህ በላይ አይቻልም» ሊሉን ይችላሉ። ያን ጊዜ ምን እናደርጋለን?

አክብሮታችን እውነተኛ መሆኑ የሚፈተነው በዚያች ቅጽበት ነው። በሩ ሲከፈት ትሑት መሆን ቀላል ነው። በሩ ሲዘጋ የሚያኰርፍ፥ ለዘበኛው ገንዘብ የሚያቀርብ፥ በአጥር ቀዳዳ ፎቶ ለማንሣት የሚሞክር፥ «እኛ ግን ለሁሉም ክፍት ነን» እያለ የሚያጉረመርም ሰው፥ ከመጀመሪያውም የመጣው ሊያከብር ሳይሆን ሊያይ ብቻ ነበር። የቤቱ ባለቤት «አይቻልም» የማለት መብት ከሌለው፥ «ግቡ» ማለቱም ስጦታ አይሆንም።

እኛስ? በየአብያተ ክርስቲያናችን ሰው የማያልፍባቸው ስፍራዎች አሉን። በግእዝ ሥርዓት መቅደሱ በመጋረጃ ይከለላል፤ ተራ ምእመን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ቅዱስ ቍርባንንም ለመጣ ሁሉ አናድልም። ይህን የምናደርገው ሰውን ንቀን አይደለም፤ ቅዱስ የሆነውን ለመጠበቅ ነው። እንግዲህ ለራሳችን የምንጠይቀውን መረዳት ለሌላው ልንነፍገው አይገባም። ከዚህም ሌላ፥ በፈረስ መጋላ ቆመን ያየነውን ታሪክ እናስታውስ። አንድ ጊዜ የጸሎት ቤቱን ያጣ ሕዝብ የቀሩትን በሮች አጥብቆ ቢጠብቅ ሊገርመን አይገባም።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ይሁን፦ «እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ከደጅ ማየታችንም ይበቃናል።» ከዚያ ምርቃት ተቀብለን መሄድ ነው። ምናልባት በመስጊዱ ውስጥ አንድ ሰዓት ከቆየው ጎብኚ ይልቅ፥ በደጁ ላይ በደስታ የተመለሰው ጎብኚ የተሻለ መታሰቢያ ትቶ ይሄዳል። ሽማግሌው ማታ ለልጅ ልጃቸው የሚያወሩት ስለዚህኛው ነውና።

6. ከጉዞው ስንመለስ

ጉብኝት በሐረር ጀምሮ በሐረር ቢያልቅ ትርፉ ጥቂት ነው። በወለንጪቲም፥ በመተሐራም፥ በአዳማም የሙስሊም ጎረቤት አለን። በአንድ ገበያ እንገበያያለን፤ በአንድ ዕድር እንቀባበራለን፤ በሠርግና በሐዘን እንጠራራለን። ቁልቢ ገብርኤል ስለት ይዘው ከሚመጡት መካከልም ሙስሊሞች እንዳሉ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ነገር ግን በከተማችን ስላለው መስጊድ ከሐረሩ ያነሰ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን? ደግሞስ ሙስሊም ጎረቤታችን ለቀብር ወይም ለሠርግ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሲመጣ፥ የት እንደሚቆም፥ መቼ እንደሚቀመጥ የሚነግረው፥ ሳይሰግድ ቢቆም በክፉ ዓይን እንዳይታይ የሚጠብቀው አስተናጋጅ አዘጋጅተናልን?

አገራችን በዚህ ረገድ የተቀበለችው አደራ የቆየ ነው። በሙስሊሞች ትውፊት እንደሚነገረው፥ በ615 አካባቢ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ ሲመጡ፥ ንጉሡ አሳዳጆቻቸው ያቀረቡትን ስጦታ አልተቀበለም፤ ስደተኞቹን አድምጦ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው እንጂ። በስሙ የሚጠራው በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለው የአል-ነጃሺ መስጊድ በ2020 በተነሣው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። በዚያው ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትም ተጎድተዋል። በታኅሣሥ 2019 ደግሞ በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጥለዋል። የጸሎት ቤት ሲቃጠል የሚጎዳው የአንዱ ወገን ብቻ አለመሆኑን ከመጽሐፍ ይልቅ በዓይናችን አይተነዋል። በሰላም ዘመን የጎረቤቱን የጸሎት ቤት ደጃፍ በአክብሮት የረገጠ ወጣት፥ በክፉ ቀን ድንጋይ አንሥቶ ወደዚያ ደጃፍ ለመሄድ እግሩ አይታዘዘውም። ወጣቶቻችንን ወደ ሐረር የምንወስድበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

ሐረር በ2002–2003 የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ያገኘችው የተለያየ እምነት ያላቸው ሰዎች በውስጧ ተከባብረው በመኖራቸው ነው። ያ ሽልማት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ሳይሆን በየዕለቱ በየደጃፉ የሚታደስ ነው። የጎብኚውም ድርሻ በዚህ ውስጥ አለ።

ለቡድን ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በመጎብኘትና በአምልኮ በመካፈል መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ስጡ።
2. አንድ በር የተዘጋባችሁን ጊዜ አስታውሱ። ያን ጊዜ ምን ተሰማችሁ? ምንስ መለሳችሁ?
3. ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ለቀብር ወይም ለሠርግ ሲመጡ እንዴት እንቀበላቸዋለን? በቁምስናችን ምን ሊሻሻል ይችላል?
4. በምዕራፍ 1 የተጠቀሱትን የሁለቱን ወገኖች ቁስሎች ለልጆች ስናስተምር ጥላቻን ሳንዘራ እውነቱን እንዴት እንናገር?

ለመምህራን የተሰጠ ማሳሰቢያ፦ ይህን ትምህርት ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ማስተማር ይሻላል። በትምህርቱ መጨረሻ ሁለት ወጣቶች፥ አንዱ እንግዳ ሌላው የመስጊዱ ሽማግሌ ሆነው፥ በደጃፍ የሚደረገውን ሰላምታና ጥያቄ በተግባር ያሳዩ። አንድ ጊዜ ሽማግሌው «ግቡ» ይበል፤ ሁለተኛ ጊዜ «አይቻልም» ይበል። የእንግዳው ፊት በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ይለማመዱት።

ጸሎት

የአብርሃም አምላክ ሆይ፥ በድንኳኑ ደጃፍ እንግዶችን የተቀበለውን አባታችንን አስበህ፥ እኛን በሰው ደጃፍ ስንቆም ትሑታን እንግዶች፥ ሰው በደጃችን ሲቆም ደግሞ ቸር ባለቤቶች አድርገን። በአገራችን ያሉትን የጸሎት ቤቶች ሁሉ ከእሳትና ከጥላቻ ጠብቅ። ይህን በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ እንለምንሃለን። አሜን።